አስራ ሦስት ደቂቃ የቀራት ካሜራ

— ሄሎ… ናኦድ? የት ነህ አንተ? ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ «መኪናዋን ላሳጥባት» ብለህ ወጣህ፤ አሁን አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። መኪና ነው አውሮፕላን የምታሳጥበው?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— እኔማ ቤት ነኝ። ቅዳሜ አይደል፣ የት እሄዳለሁ… እማዬ፣ ናኦድ ነው… ደህና ነው… እሺ እነግረዋለሁ። «ያለ መንጃ ፈቃድ ከተማ የሚዞር ልጅ አልወለድኩም በይልኝ» ብላሃለች። እትዬ ጀማነሽም አጠገቧ ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እሳቸው ሰሙ ማለት ኮንዶሚኒየሙ ሰማ ማለት ነው፣ በቃ።

— አዎ፣ አባዬ እዛው ጣቢያ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉለት። መኪናዋን አንተ ስለወሰድካት በታክሲ ሄደ… ትናንት ካዛንቺስ ዜብራው ላይ የገጫቸው ሴትዮ ጉዳይ ነዋ፣ እማማ አምሳለ። ልጃቸው ልዑልቃል የሚባለው ከሷል። ትናንት እኮ አባዬ ራሱ ሆስፒታል አድርሷቸው፣ እግዜር ይስጥህ ብለውት ነበር የተመለሰው። እግራቸው ተሰብሯል አሉ።

— ለአንተም ደወሉልህ? ፖሊሱ ራሱ?… እስከ ስድስት ሰዓት መኪናዋን አምጣ አለህ። እሺ፣ አርባ ደቂቃ አለህ። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

— ምን? ካሜራዋ?… አባዬ ጣቢያ ተቀምጦ አንተ ስለ ካሜራ ትጠይቀኛለህ?… አይ፣ ዛሬ አስተማሪህ ሆንኩ ማለት ነው። መኪናዋ የመጣች ሰሞን በቻይንኛ የተጻፈውን አንድ በአንድ ስነካካ «ሉሊ ታበላሺያታለሽ፣ እጅሽን ሰብስቢ» ሲለኝ የነበረው ማን ነው?… እሺ እሺ፣ አትቆጣ፣ እነግርሃለሁ።

— ስማ። ካሜራዋ ከመኪናዋ ጋር አብራ የተሠራች ናት፣ መስታወቱ ጀርባ ያለችው። መኪናዋ ስትነሳ መቅዳት ትጀምራለች፣ ስትጠፋ ታቆማለች። አልተንቀሳቀስኩም ብለህ እንዳትሸወድ፤ ቻርጅ ላይ ሰክተህ ሙዚቃ ከፍተህ ብትቀመጥም ትቀዳለች። በሦስት በሦስት ደቂቃ እየቆራረጠች ታስቀምጠዋለች… አዎ፣ ድምፅም አብሮ። አባዬ ሚኒባሶቹን የሚሰድበውን ሁሉ ይዛለች፤ አንድ ቀን ሰምቼ ሞቼ ነበር በሳቅ።

— አይ፣ ለዘላለም አታስቀምጥም። ያላት ቦታ የስድስት ሰዓት ጉዞ የሚይዝ ነው። ሲሞላባት አታስፈቅድህም። ከሁሉም የቆየውን ትደመስስና በቦታው አዲሱን ትጽፋለች። ልክ እንደ አንተ ጭንቅላት፣ አዲስ ነገር ሲገባ የድሮው ይወጣል።

— ግጭት ሲሆንማ ትቆልፋለች። ኃይለኛ ነገር ካናወጣት ያንን ቪዲዮ ለይታ ትቆልፈዋለች፣ የተቆለፈው አይደመሰስም… ግን… ኧረ ቆይ። ናኦድ፣ ያንን እኮ እኔ አጥፍቼዋለሁ። ካዛንቺስ መንገዱ ሲቆፋፈር ትዝ ይልሃል? ጉድጓድ በገባን ቁጥር ተጋጨሁ እያለች ትቆልፍ ነበር። መቶ ምናምን ጉድጓድ ቆልፋ ቦታ ጨረሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሞላብኝ ብላ መጮህ። አባዬ «ይቺን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አለኝ፣ ዝም አሰኘኋት። ስለዚህ የትናንቱ አልተቆለፈም። ተራውን እየጠበቀ ነው።

— እና ምን ትላለህ፣ አሁኑኑ መኪናዋን አጥፋት እንጂ። ወደ ዳር ውጣና አጥፋት። አባዬን የሚያወጣው ያ ቪዲዮ ብቻ ነው… አልነገሩህም እንዴ? ፖሊሱ ለእማዬ በስልክ ነግሯታል። ሴትየዋ «የገጨኝ ወጣት ልጅ ነው፣ ፊቱን አይቼዋለሁ» ብለዋል። አባዬ ደግሞ «ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሟል። ከሁለት አንዳቸው ይዋሻሉ፣ ካሜራው ይለየን ነው የሚሉት። ካልሆነ እስከ ሰኞ እዛው ያሳድሩታል፣ ሰኞ ፍርድ ቤት። ሴትየዋ በድንጋጤ ተምታቶባቸው ነው እንጂ አባዬማ… ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው፣ አንድ ተማሪ ቢኮርጅበት ሳምንት ሙሉ የሚያኮርፍ ሰው…

— ናኦድ? አጠፋሃት?… ድምፅ ይሰማኛል እኮ። እየሄድክ ነው።

— የት ደርሰሃል?… ሜክሲኮ?… ቅድም ለእማዬ ስትደውልላት ላንቻ ነኝ አልካት። ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት ስልክልህ ሜክሲኮ ነኝ አልከኝ። ከዚያ መስቀል አደባባይ። አሁን እንደገና ሜክሲኮ። ሰው ጭነህ ነው?… ብቻህን?… ማጠቢያው የት ነው ታዲያ?

— አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ።

— እማዬ፣ እዚህ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ በረንዳ ልውጣ… ምንም አልሆነም፤ ቻርጅ ሊያልቅበት ነው… አይ እትዬ ጀማነሽ፣ ይቀመጡ፣ አይነሱ።

— እሺ። በሩን ዘግቻለሁ። አሁን ማንም አይሰማም። ናኦድ፣ ከንጋት ጀምሮ እንደ ፌንጣ ከሜክሲኮ ላንቻ የምትዘለው የትናንቱ እንዲደመሰስ ነው?

— መልስልኝ።

— አባዬ አልነበረም… አንተ ነበርክ።

— እየጮህኩ አይደለም። እሺ፣ ድምፄን ቀንሻለሁ። ንገረኝ… ማክሰኞ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስላለህ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ መሪውን ሰጠህ። «ትንሽ ተለማመድ» ብሎ። እሺ… ካዛንቺስ ስትደርሱ… አላየኋቸውም ነው የምትለኝ? ዜብራ ላይ ያለ ሰው እንዴት አይታይም?… እሺ አልፈርድም፣ ቀጥል… ከዚያ ሰው ሳይሰበሰብ አባዬ «ውረድ» አለህ። ቦታ ተቀያየራችሁ። እና ወደ ቤት ስትመለሱ «ማንም ቢጠይቅህ መሪ አልነካሁም በል» አለህ።

— አውቃለሁ፣ ለአንተ ብሎ ነው። ማን ለራሱ ብሎ ነው አለህ?

— አይ ናኦድ፣ አስብ እስኪ። እሺ፣ ጠፋ እንበል። ፖሊሱ ካሜራውን ይከፍታል፣ የትናንቱ የለም። የዛሬው ግን አለ። አምስት ሰዓት ሙሉ ሜክሲኮ፣ ላንቻ፣ መስቀል አደባባይ፣ እንደገና ሜክሲኮ። ከውስጥ ደግሞ የአንተ ማፏጨት። ፈቃድ የሌለው ልጅ አባቱ ታስሮ ያለ ሥራ ከተማ ሲዞር። ይሄ ምን ይመስላል?… ፋራ ነህ እኮ። ለማጥፋት ስትሯሯጥ ማጥፋትህን ራሱ ቀድተኸዋል።

— ፎርማት ብታደርጋትማ የባሰ ነው። ባዶ ካሜራ ይዘህ ጣቢያ ልትገባ? «ትናንት ሰው ገጨን፣ ዛሬ ካሜራችን ባዶ ሆነ» ልትል?… አይ፣ ከዚያ በኋላ መመለስ የሚቻል አይመስለኝም። ዝም ብሎ የተሰረዘ ነገር ባለሙያ ካገኘ ሊያወጣው ይችላል አሉ፤ ላዩ ላይ ሌላ ከተጻፈበት ግን በቃ፣ ሄደ። አንተ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ላዩ ላይ እየጻፍክበት ነው።

— ልታለቅስ ነው?… አታልቅስ፣ ፊት ለፊትህ ሰው ይኖራል፣ መንገዱን እይ። በናትህ መንገዱን እይ። አንድ ሰው ይበቃናል።

— መብራት ያዘህ? እሺ፣ እስኪ እንየው። ካሜራ የምትመስለዋን ምልክት ንካ… ዝርዝሩ መጣ? ወደ ታች ሳበው፣ እስከ መጨረሻው። የመጨረሻው ነው ከሁሉም የቆየው። ስንት ሰዓት ይላል?

— ትናንት፣ ሃያ ሰዓት ከሃምሳ አምስት… በኛ ማታ ለሦስት አምስት ጉዳይ መሆኑ ነው… አዎ፣ አደጋው ቀን ነው የደረሰው፣ አስር ሰዓት አካባቢ… ገባኝ። ከማታ በፊት የነበረው ሁሉ ተደምስሷል ነው የምትለኝ። አለቀ አልክ።

— አይ፣ አለሁ። አልተቋረጠም።

— አንድ ነገር እያሰብኩ ነው… ቆይ አትዝጋው።

— ናኦድ፣ ስማኝ። አሁን የምነግርህን ባልነግርህ ይቀለኝ ነበር። ዝም ብልህ አለቀ ብለህ ደስ ብሎህ መኪናዋን ጣቢያ ታደርሳታለህ፣ ቪዲዮውንም ሳታውቀው ታስረክባቸዋለህ። ግን ወንድሜ ነህ። ከጀርባህ እንደዚያ አልሠራም።

— ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ የት ነበረች?… ግቢ ውስጥ። ቁልፉስ?… አባዬ ኪስ ውስጥ። ታዲያ ማን ነዳት? የጎረቤት ድመት?

— ሰዓቷ የቻይና ነው እኮ። ከመጣች ጀምሮ አልተቀየረም። ላስተካክለው ስል አባዬ «የእጅ ሰዓቴ ይበቃኛል፣ ሌላ ነገር እንዳታበላሺ» ብሎ ከለከለኝ። የሷ ሰዓት ከኛ በአስራ አንድ ይቀድማል፤ አምስቱ የቻይና ነው፣ ስድስቱ የአቆጣጠር ልዩነት። ከሃያ ከሃምሳ አምስት ላይ አስራ አንድ ቀንስ… ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት። የቀኑ። አባዬ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት።

— ስትገጫቸው በትክክል ስንት ሰዓት ነበር?… አስር ከስምንት። አየኸው? አባዬ ሰዓቱን ወዲያው አይቷል፣ ልማዱ ነው። እንግዲያው አለ። ሃያ አንድ ከስምንት የሚለው ጋ ነው የሚገኘው። ሊበላ የቀረው አስራ ሦስት ደቂቃ ነው። ቆመህ መብራት እየጠበቅክም እየተቆጠረ ነው።

— አዎ። አሁን አንተም ታውቃለህ። አስራ ሦስት ደቂቃ ከነዳህ ያሰብከው ይሆንልሃል። እኔ ምን አደርጋለሁ፣ መሪው አንተ ጋ ነው።

— በስልኬማ ልይዘው አልችልም። መተግበሪያው እኔ ጋ አለ፣ ግን የመኪናዋ ዋይፋይ ከአስር እርምጃ አያልፍም። እኔ ኪርቆስ በረንዳ ላይ ነኝ፣ አንተ ሜክሲኮ። ቢሆንማ ኖሮ እስካሁን ስትለፈልፍ አውርጄው ነበር።

— መብራቱ ለቀቀ?… አትሂድ… ክላክስ ያድርጉ። ይጩሁ። ናኦድ፣ ሄድክ እንዴ? ጎማው ይሰማኛል።

— እማማ አምሳለን አስበሃቸዋል? እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ተኝተው ያዩትን ነው የተናገሩት። አሁን ውሸታም ሊባሉ ነው። ልጃቸው ራሱ «እማዬ ተምታቶባት ይሆናል» ማለት ጀምሯል ብሎ ፖሊሱ ለእማዬ ነግሯታል። ልጃቸው ራሱ። እኛ ደግሞ ዝም ብለን ምሳችንን ልንበላ።

— አባዬ ቢወጣስ? ወጣ እንበል። ሰኞ ክፍል ገብቶ ጠመኔ ይዞ ልጆቹ ፊት ይቆማል። አንተ ታውቀዋለህ፣ አይችልም። አንተም አትችልም። ላለፉት አምስት ሰዓታት አንድ ቦታ ላይ መቆም አልቻልክም እኮ።

— አስር ደቂቃ ነው አሁን… ምናልባት ዘጠኝ።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… ናኦድ?

— ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው… ፍሬቻ ነው? ፍሬቻ አበራህ?

— ቆምክ። እሺ። ቆመሃል። ገና አታጥፋት፣ መጀመሪያ መቅዳት አስቁማት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ነጥብ አለች። ንካት… ነጭ ሆነች?… ተመስገን። አሁን ምንም አትበላም። ተንፍስ። እኔም ልተንፍስ።

— አሁን ዝርዝሩን ክፈት። ሃያ አንድ ከስምንት ያለበትን… ሃያ አንድ ከሰባት ላይ የሚጀምረው ነው፣ እሱ ውስጥ ነው። ክፈተው። ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋልኝ፣ እኔም ልስማ… አይሆንም፣ ብቻህን አታየውም። አብረን ነን።

— የአባዬ ድምፅ ነው… «ስልኩን አስቀምጥ» አለህ። ናኦድ… ስልክ እያየህ ነበር?… አላየኋቸውም ያልከኝ ለዚህ ነው… አታቁመው። ይሂድ።

— ሰማሁት። ድው ያለውን ሰማሁት።

— ቆይ፣ ይሄ የማን ነው? የሴት ድምፅ አለ፣ ከውጭ። ትንሽ መልሰው… ድምፁን ጨምር…

— «አይዞህ ልጄ፣ አልሞትኩም»… አንተን ነው?… መስኮቱ ክፍት ነበር? እሳቸው አስፋልት ላይ ወድቀው አንተን አይዞህ ይሉሃል?

— አልሰማኋቸውም ነበር ትላለህ። አውቃለሁ፣ ደንግጠህ ነበር። አሁን ግን ሰማሃቸው።

— ይሄ ደግሞ አባዬ ነው። «ውረድ። በዚህ በኩል ና። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ገባህ?»… ድምፁን ስማው። እንደዚህ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼው አላውቅም… አቁመው። በቃ፣ አቁመው።

— እሺ። ስማኝ፣ ከስሩ ሁለት ምልክት አለ። በግራ ጓጉንቸር፣ በቀኝ የቆሻሻ ቅርጫት። ጓጉንቸሩን ከነካህ መኪናዋ ዓመት ብትዞር ካሜራዋ አትደመስሰውም። ቅርጫቱን ከነካህ አንዴ እርግጠኛ ነህ ወይ ትልሃለች፣ በቻይንኛ፣ ከዚያ የለም። ሁለቱንም ነግሬሃለሁ። አንዱን ደብቄ ሌላውን ብነግርህ እኔም እንደ እናንተ ሆንኩ ማለት ነው።

— ጢን ያለው ይሰማኛል።

— ናኦድ? የትኛውን ነካህ?

— ጎኑ ላይ ምን መጣ?… በደንብ እየው። ቢጫ ነው?… ትንሽ ቢጫ ጓጉንቸር። ሌላ ነገር አይደለም?… እሺ። እሺ ወንድሜ።

— እጅህን ከስክሪኑ አንሳ።

— አሁን አጥፋትና ውረድ። ቆልፋት፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት… አይ፣ አንተ አትነዳትም። ጣቢያ ድረስም ቢሆን አትነዳትም፤ ለዛሬ ከበቂ በላይ ነድተሃል። ጋሽ ኢብሳ ታች ፎቅ አሉ፣ ዛሬ ሥራ አልገቡም። የሃያ ዓመት ሹፌር ናቸው፣ ይዣቸው እመጣለሁ። ሜክሲኮ የት ጋ ነህ?… ፋርማሲው ፊት ለፊት። ትራፊክ ከመጣብህ ለምነው፣ እህቴ ሹፌር ይዛ እየመጣች ነው በለው። ብቻ እንዳታስነሳት።

— አዎ፣ ማክሰኞ ምናልባት አትፈተንም። ምናልባት ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ። ምንም አይደርስብህም አልልህም፣ አላውቅም። የማውቀው አባዬ ያለ ጥፋቱ እዛ መቀመጡን ነው… ከነጥፋቱ እሺ፣ ዋሽቷል፣ እሱንም ራሱ ይናገር። መቆለፊያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ እኔም እነግራቸዋለሁ። ተራ በተራ እንቆማለን።

— እማማ አምሳለ ጋ ከዚያ በኋላ። ዛሬውኑ። ባዶ እጅህንም ቢሆን ሂድ፣ ግን ፊትህን ያሳዩህ… ማለቴ ፊትህን ይዩት። ያዩት እውነት እንደሆነ ይወቁ።

— ቆይ… በሩ ተከፈተ። እማዬ? ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምሽው?

— ናኦድ፣ እማዬ ሰምታለች… ሁሉንም መሰለኝ። እጇን ዘርግታ ስልኩን ስጪኝ እያለችኝ ነው… አይ እማዬ፣ በስልክ አይሆንም፣ ራሱ ፊት ለፊት ይነግርሻል። አሁን የአባዬን ጃኬት አምጪልኝ፣ ጣቢያ ልውሰድለት፤ ጋሽ ኢብሳንም አስጠሪልኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

— ሄደች። ጃኬቱን ልታመጣ ሄደች። እትዬ ጀማነሽም ደረጃውን እየወረዱ ነው፣ ጋሽ ኢብሳን ሊጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነታቸው ጠቀመን።

— አባዬ?… አዎ፣ ይቆጣል። ለእናንተ ብዬ የያዝኩትን አፈረሳችሁብኝ ብሎ በሁለታችንም ላይ ይጮሃል… ይጩህ ናኦድ። ቤቱ ገብቶ ይጩህ።

— መጣሁ። ዝጋው።